ባለ 2 ሜጋ መስመራችን ለምን 231 ላይ ይቆማል?

መርካቶ ገመድ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ ድርጅት ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። የደሴው ቅርንጫፋችን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚገናኘው በኪራይ መስመር ነው። ውሉ ላይ «2 ሜጋ» ተብሏል፤ የርክክብ ሰነዱ ደግሞ «ኢ-ዋን፣ 2.048» ይላል፤ በሰከንድ 2048 ኪሎቢት ማለት ነው። ዛሬ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ መስመሩን የሚሻማ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ አንድ ትልቅ የዚፕ ፋይል ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ አስተላለፍኩ። ፕሮግራሙ በሰከንድ 231 ኪሎባይት ላይ ቆመ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቱንም ጊዜ 231፤ አልፎ አልፎ 230።

ሥራ አስኪያጃችን ቁጥሩን ሲያዩ «ለ2 ሺህ ከፍለን 231? ተበላን!» ብለው ለአቅራቢው የቅሬታ ደብዳቤ እንዳረቅቅ አዘዙኝ። ቢትን ወደ ባይት ለመመለስ ለ8 ማካፈል እንደሚገባ ነግሬያቸዋለሁ፤ በግማሽ ልብ አመኑኝ። ግን 2048 ለ8 ሲካፈል 256 ነው። የቀረው 25 ኪሎባይት የት ገባ? እኔም መልስ የለኝም። ደብዳቤውን ነገ በ4 ሰዓት ይፈልጉታል።

ቁጥር አይዋሽም — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

ደብዳቤውን ጻፈው፤ ምን ትጠብቃለህ? እንዲያውም ጉድለቱን አሳንሰኸዋል። በኮምፒውተር ዓለም ኪሎ ማለት 1024 ነው። 2 ሜጋ ማለት 2 ጊዜ 1024 ጊዜ 1024፣ ማለትም 2,097,152 ቢት ነው። 2048 የሚባለው ቁጥር ራሱ የመጣው ከዚያው ነው፤ 2 ጊዜ 1024። ስለዚህ በሰከንድ 262,144 ባይት ሊደርስህ ይገባ ነበር። ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ተወስዶብሃል።

ጡረተኛ ሽቦ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ ደብዳቤውን አትጻፍ፤ ቢያንስ ዛሬ ማታ አትጻፍ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ስልክ ቤት ውስጥ ነው፤ ከነዚህ መስመሮች ጋር አርጅቻለሁ። «ቁጥር አይዋሽም» የተባለው ወዳጃችን ያለው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የኢ-ዋኑ 2048 ከ1024 ጋር ዝምድና የለውም፤ መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም።

የሰው ድምፅ በስልክ ሲሄድ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለው ብቻ ነው የሚያልፈው። ይህን ወደ ቁጥር ለመለወጥ በሰከንድ 8000 ጊዜ ናሙና ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ናሙና 8 ቢት ነው። 8000 በ8 ሲባዛ 64,000 ይሆናል። አንድ የስልክ ቻናል ማለት ይህ ነው፤ ልክ 64 ሺህ እንጂ 65,536 አይደለም። ኢ-ዋን እንዲህ ያሉ 32 ታይምስሎቶችን (የጊዜ ተራዎችን) በየ125 ማይክሮሰከንዱ ተራ በተራ ያስተላልፋል። 32 በ64,000 ተባዝቶ 2,048,000 ቢት መጣ። በስልክ ቤት ኪሎ ምንጊዜም አንድ ሺህ ነው፤ እንደ ጤፍና እንደ ቡና ኪሎ ማለት ነው።

ከ32ቱ ውስጥ ደግሞ ዜሮኛው የአንተ አይደለም። እሱ እንደ ብራና መጽሐፍ ቀይ ቀለም ነው፤ ተቀባዩ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው በእሱ ነው። አሥራ ስድስተኛው ደግሞ መስመሩ ለስልክ ሲያገለግል ለሲግናሊንግ ይቀመጣል፤ ማን አነሳ፣ ማን ዘጋ የሚለው ወሬ በእሱ ይሄዳል። መስመርህ ለዳታ ከሆነ ግን አሥራ ስድስተኛውም ላንተ ሊሰጥ ይችላል። ራውተሩን ክፈትና እይ፦ ታይምስሎት ከ1 እስከ 31 ይላል? ወይስ 16ን ዘሎ ነው የተጻፈው? የሁለቱ ልዩነት 64 ኪሎቢት ነው፤ በባይት 8 ኪሎ። መልሱን ሳታውቅ ቅሬታ መጻፍ ሳይመዝኑ መክሰስ ነው።

ተማሪ ከጣና ዳር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጋሼ፣ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። በመማሪያ መጽሐፋችን ባውድና ቢት በሰከንድ እኩል እንደሆኑ አድርጎ የሚናገር ምሳሌ አለ፤ መምህራችን ግን ስህተት ነው አሉን። በኢ-ዋን ላይስ እንዴት ነው?

ጡረተኛ ሽቦ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡42

መምህርህ ልክ ናቸው። ባውድ መስመሩ ላይ ያለው ምልክት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ይቆጥራል፤ በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ ስንት ቢት እንደተጫነ ግን አይነግርህም። ስሙ የፈረንሳዩ የቴሌግራፍ ሰው የኤሚል ቦዶ ነው። እንደ ሰውየው አጠራር «ቦድ» መባል ነበረበት፤ እኛ በእንግሊዝኛው ፊደል አንብበን ባውድ አልነው፤ ለምደነዋል።

ስህተቱን ያስፋፉት የድሮ ሞደሞች ናቸው። «2400 ባውድ» እየተባለ የሚሸጠው ሞደም በእውነቱ 600 ባውድ ነበር፤ በእያንዳንዱ ምልክት 4 ቢት ስለሚጭን 2400 ቢት በሰከንድ ያደርሳል። ቀጥሎ የመጣው ባለ 9600 ቢት ሞደም ምልክቱ 2400 ባውድ ነው፤ አሁንም 4 ቢት በአንድ። በምሳሌ ንገረኝ ካልከኝ ባውድ የአህዮቹ ቁጥር ነው፤ ቢት ደግሞ የጆንያው።

በኢ-ዋን ላይ ግን ሁለቱ ይገጥማሉ። ምልክቱ ሦስት ደረጃ አለው፤ ከዜሮ በላይ፣ ዜሮና ከዜሮ በታች። ሆኖም በአንድ ምልክት የሚሄደው አንድ ቢት ብቻ ነው። ሦስተኛው ደረጃ የተጨመረው አንዶቹ ከዜሮ በላይና በታች እየተፈራረቁ የመስመሩ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ ወገን እንዳያደላ ነው፤ ተጨማሪ ዳታ አይጭንም።

ሐበሻ ከሲልቨር ስፕሪንግ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

እዚህ አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ስሌት እንዳለ ወደ ቲ-ዋን፣ ማለትም ወደ እዚህ አገሩ የኢ-ዋን አቻ፣ አትውሰዱት። ቲ-ዋን 24 ቻናል ነው። 24 በ8 ተባዝቶ 192 ቢት፤ ለፍሬም (ለአንድ ሙሉ ዙር) ምልክት አንዲት ቢት ሲጨመር 193፤ ያ በ8000 ሲባዛ 1,544,000። እዚህ ለቀይ ቀለሙ ሙሉ ታይምስሎት አይሰጡትም፤ አንድ ቢት ብቻ ይበቃዋል።

ለሲግናሊንግ ግን የተለየ ታይምስሎት ስለሌላቸው በቆየው አሠራር ከድምፁ ላይ ይሰርቁለታል። በየስድስተኛው ፍሬም ከእያንዳንዱ ቻናል የመጨረሻዋን ቢት ይወስዳሉ። ጆሮ አያውቀውም፤ ዳታ ግን ያውቀዋል። የትኛው ቢት እንደሚሰረቅ ርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ያቺን ስምንተኛ ቢት ጨርሶ መተው ነበር መፍትሔው፤ 7 በ8000፣ 56,000። ሥራ ስጀምር «ለምን እዚህ 56 እዚያ 64?» እያልኩ ስንት ቀን ራሴን አዙሬያለሁ። ተሰርቆ ነው ለካ።

መርካቶ ገመድ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

ጋሼ፣ ራውተሩን አየሁት፤ ከ1 እስከ 31 ይላል። አሥራ ስድስተኛው የእኛ ነው ማለት ነው። 31 በ64 ሲባዛ 1984፤ ለ8 ሲካፈል 248 ኪሎባይት። ከ25ቱ 8 ተገኘ። አሁንም 17 ይቀረኛል።

ጡረተኛ ሽቦ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡38

17ቱም አልጠፋም። ፋይልህ ዝም ብሎ አይሄድም፤ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። አንድ ፓኬት 1500 ባይት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 40ው የአድራሻና የመቆጣጠሪያ ጽሑፍ ስለሆነ የፋይልህ ድርሻ 1460 ነው። በላዩ ላይ ራውተሩ መስመሩን ለማሻገር 8 ባይት ያህል ይጨምርበታል። ስለዚህ 1508 ልከህ 1460 ታገኛለህ። 248ን በዚያ ምጣኔ ምታው።

መርካቶ ገመድ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡44

240 መጣ። አመሰግናለሁ ጋሼ። ግን አሁንም 9 ይቀራል! ይህ ነገር ሳይጨርሰኝ አይቀርም።

ፊደል ቀራጭ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

ወንድሜ፣ የምትጠቀመው ዊንዶውስ ነው አይደል? ፕሮግራሙ «ኪሎባይት» ብሎ ሲያሳይህ በ1024 አካፍሎ ነው። መስመሩ 240,106 ባይት ካደረሰ መስኮቱ ላይ የሚታይህ 234 ነው። እንዲህ ያለው አሻሚነት እንዲቀር ብለው እ.ኤ.አ. በ1998 ለ1024ቱ «ኪቢባይት» የሚል ሌላ ስም አውጥተውለት ነበር፤ በተራው ሰው አፍ ግን አልገባም። እኔ ሶፍትዌር ስጽፍ ሁልጊዜ ባይቱን ሳላካፍል በሙሉ ቁጥር ነው የማስቀምጠው፤ ከብዙ ጭቅጭቅ አድኖኛል።

ስለዚህ «ቁጥር አይዋሽም» ያነሣው 1024 እውነት ነው። ቦታው ግን መስመሩ ላይ ሳይሆን መስኮቱ ላይ ነበር።

ቁጥር አይዋሽም — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡09

እሺ፤ 1024ን ቦታው ላይ ስላስቀመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ቢሆንም 234 እና 231 አንድ አይደሉም። ሦስቱን ኪሎባይት ማን ወሰደ? አሁንም ደብዳቤው ይጻፍ እላለሁ፤ አጭር ይሁን።

ጡረተኛ ሽቦ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡20

ሌሊቱን ሙሉ ያ ሦስት ኪሎባይት ሲነዘንዘኝ አደረ። ንጋት ላይ ቡና እየጠጣሁ መጣልኝ፤ ሰው ሲያረጅ የሚያውቀውን ነገር በጠዋት ነው የሚያገኘው።

ራውተሮቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ የአንድ ጥቅል መጀመሪያና መጨረሻ የሚታወቀው በአንድ የተለየ ምልክት ነው፦ ዜሮ፣ ስድስት አንዶች፣ ዜሮ። ታዲያ ፋይልህ ውስጥ በአጋጣሚ ስድስት አንዶች ቢከታተሉስ? ተቀባዩ ጥቅሉ አለቀ ብሎ ይቆርጠው ነበር። ይህ እንዳይሆን ላኪው አምስት አንዶች በተከታተሉ ቁጥር አንድ ዜሮ ይሸጉጣል፤ ተቀባዩ ደግሞ መልሶ ይነቅላል። አንተ አታየውም፤ መስመሩ ግን ተሸክሞታል።

የዚፕ ፋይል ቢቶች ልክ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ እንደማውጣት ናቸው። እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ በአማካይ በየ62 ቢት አንድ ዜሮ ይሸጎጣል። ከ63 የተላኩ ቢቶች 62ቱ ብቻ ያንተ ናቸው ማለት ነው። 234ን ሳታጠጋጋው፣ 234.48 ብለህ፣ በ62 አብዝተህ ለ63 አካፍል።

አታምነኝም ካልክ ደግሞ ሞክረው። በሙሉ ዜሮ የሆነ አንድ ፋይል ሥራ፤ ሌላ በሙሉ አንድ የሆነ ሥራ። በራውተሩም በፕሮግራሙም ላይ ማመቂያ ካለ አጥፋው። የዜሮው ፋይል ከዚፑ ይፈጥናል፤ የአንዱ ፋይል ደግሞ በየአምስቱ አንድ ስለሚሸጎጥበት ክፉኛ ይጎተታል።

መርካቶ ገመድ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ከሌላው ሠራተኛ ቀድሜ ገብቼ ሞከርኩት። እጄ ይንቀጠቀጣል።

ዚፑ፦ 231።
በሙሉ ዜሮ የሆነው፦ 234።
በሙሉ አንድ የሆነው፦ 196።

ያው መስመር፣ ያው ራውተር፣ የሦስቱም ፋይሎች መጠን እኩል። ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። 25ቱም ኪሎባይት ተገኝተዋል፤ አንዷም አልተሰረቀችም።

ሐበሻ ከሲልቨር ስፕሪንግ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

እዚህ ሌሊት ሆኖ እንቅልፍ ነስታችሁኛል። 196 ይደርሳል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

በነገራችን ላይ ትላልቆቹ መስመሮች ላይም ይኸው ነው። ብዙ ኢ-ዋኖችን አንድ ላይ የሚሸከመው ኤስቲኤም-1 የተባለው መስመር 155.52 ሜጋቢት ነው። በ2.048 ብታካፍሉት ወደ 76 ኢ-ዋን የሚይዝ ይመስላችኋል፤ የሚይዘው 63 ነው። 63ቱ ተደምረው 129 ሜጋቢት ናቸው። የቀረው ለመቆጣጠሪያና እያንዳንዱን ኢ-ዋን ሌላውን ሳይፈታ መዞ ለማውጣት የሚከፈል ዋጋ ነው። በድሮው አሠራር 16 ኢ-ዋን በ34.368 ሜጋቢት ታሽገው ይሄዱ ነበር፤ ብክነቱ ያነሰ ነው፤ ግን ከመካከል አንዱን ለማውጣት ሁሉንም መፍታት ነበረባችሁ። የእህል ቁልል ውስጥ ከታች ያለውን ጆንያ እንደ መፈለግ ነው።

ፊደል ቀራጭ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡05

ጋሼ፣ ስለ ሲግናሊንግ ካነሡ አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለደንበኞች የማስታወሻ አጭር መልእክት የሚልክ ሥርዓት ሠርቻለሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፈው 160 ሆሄ በአንድ መልእክት ይሄዳል፤ በአማርኛ ግን 70 ላይ ይቆረጣል። ደንበኞቻችን «ፊደላችን ተንቆ ነው» ይሉኛል። ምክንያቱን በከፊል አውቀዋለሁ፤ ከመስመሩ በኩል ያለውን ግን ከእርስዎ ብሰማ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛ ሽቦ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ፤ ለዚህ ስል ምሳዬን አዘግይቻለሁ።

አጭር መልእክት በድምፅ መንገድ አይደለም የሚሄደው፤ በሲግናሊንግ መንገድ ነው። ያ መንገድ ጥሪ ለማገናኘት የተሠራ ቀጭን መተላለፊያ ስለሆነ ለአንድ መልእክት የተፈቀደው ቦታ 140 ባይት ብቻ ነው፤ 1120 ቢት። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ይጻፋል፤ 1120 ለ7፣ 160። የእኛ ፊደል ግን በዚያች ባለ 7 ቢት ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሆሄ 16 ቢት ይወስዳል፤ 1120 ለ16፣ 70። ንቀት አይደለም፤ ማካፈል ነው። ደግሞም አንዷ የእኛ ሆሄ ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ትይዛለች። «ቡና» ብለሽ ስትጽፊ ሁለት ሆሄ ነው፤ በላቲን አራት። 70ው እንደሚመስለው ያህል ጠባብ አይደለም።

ተጠንቀቂ፤ መልእክቱ ከ70 ካለፈ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ሁለቱን መልሶ ለማገጣጠም የሚያስፈልግ ምልክት ስለሚጨመር እያንዳንዱ ክፍል 67 ብቻ ይይዛል። የተለመደ ስህተት ሌላም አለ፦ በኢንተርኔት ገጽ ላይ አንድ የአማርኛ ሆሄ 3 ባይት ነው፤ በአጭር መልእክት ግን 2። የገጹን ስሌት ወስዶ ለመልእክት የሚጠቀም ሰው ይሳሳታል።

አሁን ወደ መስመሩ። በእኛ ዘመን የሲግናሊንግ ሊንክ አንድ ታይምስሎት ነበር፤ 64 ኪሎቢት፣ በሰከንድ 8000 ባይት። ግን ሙሉውን አንጭነውም። ልማዱ 40 በመቶ ነው፤ ጥንዱ ሊንክ ቢበጠስ የሁለቱን ሸክም ተሸክሞ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም። ስለዚህ የሚሠራበት 3200 ባይት ነው። አንድ መልእክት ከመጠቅለያው ጋር 200 ባይት ያህል ነው ብንል፣ በአንድ ሊንክ በሰከንድ 16 መልእክት። ለ10 ሺህ ደንበኛ ሁለት ሁለት ክፍል ብትልኪ 20 ሺህ ነው፤ ለ16 ሲካፈል 1250 ሰከንድ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ። በአንድ ክፍል ብታሳጥሪው ግማሹ ይበቃል።

ዛሬ ይህ ሲግናሊንግ አብዛኛው በአይፒ (በኢንተርኔቱ አሠራር) ላይ ስለሚጓዝ ያ ማነቆ ሰፍቷል። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ከማማው ወደ ስልኩ ያለው መንገድ ግን ያው ጠባብ ነው፤ ስልኩ ጥሪ ላይ ካልሆነ መልእክቱ የሚወርድበት ቻናል 782 ቢት በሰከንድ ብቻ ነው። ሙሉ መልእክት ሲደርስሽ ሁለት ሦስት ሰከንድ የሚወስደው ለዚህ ነው።

ፊደል ቀራጭ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

የእኛ ማስታወሻ 84 ሆሄ ነበር። «ውድ ደንበኛችን እንደምን ሰነበቱ» የምትለዋን አውጥቼ 62 አደረስኩት። ሰላምታዋ ያን ያህል ውድ መሆኗን አላውቅም ነበር።

መርካቶ ገመድ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡40

የመጨረሻውን ልንገራችሁ። የቅሬታ ደብዳቤውን ትቼ በአንድ ገጽ ስሌቱን ጻፍኩላቸው፦ 2048፣ 1984፣ 248፣ 240፣ 234፣ 231። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ታዲያ ውሉ ላይ ለምን 231 አልተባለም?» አሉኝ።

ጡረተኛ ሽቦ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡15

አቅራቢው ፋይልህ ውስጥ ስንት አንድ እንዳለ አያውቅማ! እሱ ሊምል የሚችለው በመንገዱ ነው። በሚቀጥለው ውል ላይ «2 ሜጋ» የሚለውን አስወጥተህ «ኢ-ዋን፣ 31 ታይምስሎት ለዳታ፣ 1,984,000 ቢት በሰከንድ» ብለህ አስጽፍ። ያንን በማናቸውም ሰዓት ለክተህ ልትጠይቅበት ትችላለህ።

መርካቶ ገመድ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

አስጽፌያለሁ፤ ፈርመውበታል። አሁን ደግሞ የሒሳብ ክፍሉ ፋይሎች ውስጥ አንዶቹን መቀነስ ይቻል እንደሆነ እንዳጠና አዝዘውኛል።